ቅባት የሸፈነው ቍስል



በገላ ላይ አንዳች ነገር በወጣ ጊዜ በየቤታችን መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ምን ብንቀባው ይሻላል?» የሚል ነው። ጎረቤት የሚያውቀውን ይነግራል፤ የመድኃኒት ቤት ሻጭ ከመደርደሪያው ያለውን ይሰጣል፤ ከከተማ የመጣ ዘመድም ከቦርሳው ያመጣውን ቅባት ያወጣል። ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «ይህ ነገር ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይቀራል። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንነጋገረው ስለ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ቅደም ተከተል ነው። ቍስሉ ተራ ቍስል በሆነ ጊዜ የጥያቄዎቹ መዛነቅ ብዙ ጕዳት አያመጣም፤ የቆዳ ነቀርሳ፣ በዛሬው አጠራር የቆዳ ካንሰር፣ በሆነ ጊዜ ግን በዚሁ መዛነቅ ምክንያት ሊድን የሚችል ሰው ይሞታል።

በኦሪት ዘሌዋውያን በ13ኛው ምዕራፍ ስለ ቆዳ ደዌ የተጻፈውን ሥርዓት ከአንባብያን ብዙዎቹ ያውቁታል። በገላው ላይ እባጭ ወይም ቋቍቻ የወጣበት ሰው ወደ ካህኑ ይወሰዳል፤ ካህኑም ያያል። የሚያየውም በተለይ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ደዌው ከቆዳው ወደ ውስጥ ዘልቆ እንደ ሆነ፣ ሁለተኛውም ከቀድሞው ይልቅ ሰፍቶ እንደ ሆነ ነው። ነገሩ የሚያጠራጥር በሆነ ጊዜ ሰባት ቀን ያቆይና ዳግመኛ ያያል። ሥርዓቱ የተሰጠው ስለ ለምጽ እንጂ ስለ ነቀርሳ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ካህኑ አይቶና ለይቶ ሳይፈርድ ቅባት እንዲቀባ አለመታዘዙን ልብ እንበል። የዛሬውም የቆዳ ሐኪም አንድን ምልክት ባየ ጊዜ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች እነዚሁ ሁለቱ ናቸው፤ ጠልቋልን? ሰፍቷልን?

ቅባት ስለ ጥልቀት ምንም አይነግረንም፤ ይልቁንም ጥልቀቱን ይሸፍንብናል። ለዚህ ነገር ላስታ በዓለት ላይ የተጻፈ ምሳሌ አላት። በ1940ዎቹ ዓ.ም. ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አንዳንዶቹን ዝናብ እንዳይጎዳቸው በማሰብ በላያቸው ሬንጅ ተቀባ፤ ከሬንጁም ላይ ቀይ ቀለም ተደረገበት። ለዐይን ሲታይ ስንጥቁ የተደፈነ፣ ዓለቱም የታደሰ ይመስል ነበር። ነገር ግን ሬንጁ በዓለቱ ውስጥ ያለውን እርጥበት እንዳይወጣ ዐፍኖ ያዘው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጣሊያናዊው አርኪቴክት ሳንድሮ አንጄሊኒ ከባልደረቦቹ ጋር እድሳት ሊሠራ በመጣ ጊዜ ከተግባሮቹ አንዱ ያንኑ ሬንጅ ከዓለቱ ላይ ማስለቀቅ ሆነ። ሬንጁን የቀቡት ሰዎች ክፉ አላሰቡም፤ ያዩት ግን ገጹን ብቻ ነበር። ቍስልን ሳያስመረምሩ መቀባትም እንደዚሁ ነው።

እንግዲህ ወደ ራሱ ወደ በሽታው እንመለስ። ቆዳ በላይ በላዩ የተደራረበ ልብስ ነው። ነቀርሳ ከላይኛው ድርብ ይጀምራል፤ ሳይታወቅ ከቆየ ወደ ታችኛው ይወርዳል፤ ከዚያም በደም ሥርና በንፍፊት መንገድ ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል ይሄዳል። ሐኪሞች ዋና ዋናዎቹን ዐይነቶች በሦስት ይከፍሏቸዋል። የመጀመሪያው ቤዛል ሴል የሚባለው ነው፤ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል መዛመቱም እጅግ ጥቂት ነው። ሁለተኛው ስኳመስ ሴል የሚባለው ነው፤ ይህ እየጠለቀ ሄዶ ወደ ንፍፊቶች ሊዛመት ይችላል። ሦስተኛው ሜላኖማ የሚባለው ነው፤ ለቆዳችን ጥቁረት ከሚሰጡት ሴሎች ይነሣል፤ ከሦስቱም የሚያስፈራው እርሱ ነው። ሜላኖማ ገና ከ1 ሚሊሜትር ሳይጠልቅ ተቆርጦ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ይድናል። ከዚያ እየጠለቀ በሄደ መጠን ግን የመዳን ተስፋው እየጠበበ ይሄዳል። የአንዲት የጤፍ ቅንጣት ያህል ጥልቀት ይህን ያህል ልዩነት ያመጣል ማለት ነው።

«የቆዳ ነቀርሳ የነጮች በሽታ ነው» የሚሉ አሉ። ከፊሉ እውነት ነው፤ እግዚአብሔር የሰጠን የቆዳ ቀለም ከፀሐይ ጨረር ብዙውን ይከለክልልናል፤ ስለዚህም በነጮች ዘንድ እጅግ የተለመደው ቤዛል ሴል በእኛ ዘንድ ብዙ አይታይም። ከፊሉ ግን ስሕተት ነው። ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው በቆዳ ነቀርሳ የሚያዝባቸው የራሱ ስፍራዎች አሉት፤ እነርሱም በሦስት ይጠቃለላሉ።

አንደኛው ስፍራ ቀለም የማይበዛበት ቦታ፣ ይኸውም ውስጥ እግር፣ መዳፍና ከጥፍር ሥር ያለው ቆዳ ነው። ሜላኖማ በእኛ ሕዝብ ላይ ሲወጣ በተለይ የሚወደው ውስጥ እግርን ነው። ይህም ከፀሐይ የተነሣ አይደለም። ሁለተኛው ስፍራ ያረጀ ጠባሳ ነው። ሕፃን ሳለ ምድጃ ውስጥ ወድቆ የተቃጠለ ሰው፣ ወይም ለብዙ ዓመታት ያልዳነ የእግር ቍስል ያለበት ሰው፣ ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ በዚያው ጠባሳ ላይ ስኳመስ ሴል ሊወጣበት ይችላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ማርዦለን ከጠባሳ ስለሚነሣ እንዲህ ስላለ ቍስል በ1820 ዓ.ም. ገደማ ስለ ጻፈ ቍስሉ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሦስተኛው ስፍራ ከመወለዳቸው ጀምሮ የቆዳ፣ የጠጕርና የዐይን ቀለም የጎደላቸው ወገኖቻችን ገላ ነው፤ ተፈጥሮው አልቢኒዝም ይባላል። እነርሱን የሚጎዳቸው ፀሐይ ነው። በፊታቸው፣ በጆሯቸው፣ በከንፈራቸውና በአንገታቸው ላይ ስኳመስ ሴል ገና በወጣትነታቸው የሚወጣባቸው ብዙዎች ናቸው።

ለእነዚህ ለመጨረሻዎቹ የላስታ ደጋ ከሌላው አገር ይልቅ የሚያስፈራ ስፍራ ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ ጎጂ ጨረር በመቶ 10 ያህል እንደሚጨምር ሊቃውንት አረጋግጠዋል። ስለዚህ ነፋሱ ቀዝቃዛ ሆኖ ጋቢ በሚያስለብስበት ቀን እንኳ ጨረሩ በቆላ ካለው ይበረታል። ብርዱ ያታልለናል፤ ቆዳው ግን ይቃጠላል።

አሁን ደግሞ በየቤቱ ስለሚቀቡት ነገሮች እንናገር። ለምሳሌ ያህል አንድ አባወራ እናስብ። በልጅነቱ እሳት ያቃጠለው እግሩ ላይ ያለው ጠባሳ በአርባ ዓመቱ ተከፍቶ ቈሰለ እንበል። መጀመሪያ ቅቤና ማር ይደረግበታል። ካልሆነ ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቅባት ይገዛል። ከእነዚህ ቅባቶች ብዙዎቹ ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት ያለባቸው ናቸው። ስቴሮይድ መቅላትንና ማሳከክን ያስታግሣል፤ ስለዚህ በሳምንት ውስጥ ቍስሉ የጠፋ ይመስላል። አባወራውም «ተሻለኝ» ይላል። ቅባቱን ሲያቆም ይመለሳል፤ ደግሞም ይቀባል። እንዲህ ሲል አንድ ዓመት ያልፋል። በዚያ ዓመት ውስጥ ነቀርሳው አንድ ቀን እንኳ አላረፈም፤ ያረፈው የባለቤቱ ልብ ብቻ ነው። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ በጭኑ ሥር ንፍፊቱ አብጧል። ቀድሞ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ በመቍረጥ የሚያልቀው ነገር አሁን እግርን እስከ መቍረጥ ይደርሳል።

ሌላው የሚቀባው ነገር የሚያቃጥል ቅጠልና ወተት ያለው ተክል ነው። በአገራችን የቍልቋልን ወተት በኪንታሮትና በቆዳ ላይ በወጣ ነገር ላይ የሚያደርጉ ብዙዎች ናቸው። የላይኛው ቆዳ ተቃጥሎ ይነሣል፤ ከዚያም ሽሮ አዲስ ቆዳ ይሸፍነዋል። ከሥሩ የቀረ ነገር ቢኖር ግን በአዲሱ ቆዳ ሥር ተሸሽጎ ያድጋል፤ ከጠባሳው በታች ስለ ሆነም ሐኪም እንኳ በጊዜው ላያየው ይችላል።

በዚህ ረገድ አባቶቻችንን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስለን የፈረንጆቹንም እንመልከት። ከቍልቋል ወገን የሆነች አንዲት ትንሽ ወተታም አረም አለች፤ ከእርሷ ወተት ኢንጄኖል ሜቡቴት የተባለ መድኃኒት ተጣርቶ በ2004 ዓ.ም. በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ፒካቶ በሚባል ስምም ተሸጠ። የተፈቀደውም ለነቀርሳ አልነበረም፤ ፀሐይ በጎዳው ቆዳ ላይ ለሚወጣውና ወደ ነቀርሳ ሊለወጥ ለሚችለው ሻካራ ነጥብ ነበር። በኋላ ግን በ484 ሰዎች ላይ ለሦስት ዓመት በተደረገ ክትትል መድኃኒቱ በተቀባበት ስፍራ የቆዳ ነቀርሳ የወጣባቸው በመቶ 3.3 ሲሆኑ ሌላውን ቅባት ከተቀቡት ግን በመቶ 0.4 ብቻ ሆኑ። በጥር 2012 ዓ.ም. የአውሮፓ የመድኃኒት ባለሥልጣን እንዳይሠራበት አገደው። ተመርምሮ፣ ተለክቶና በታሸገ ቱቦ ተሸጦ የነበረው የዕፅ ወተት እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ ሳይለካና ሳይመረመር ከአጥር ተቀንጥሶ በሚንጠባጠበው ላይ ምን ያህል መጠንቀቅ እንደሚገባን አንባቢ ይፍረድ።

እዚህ ላይ «እንግዲያውስ ሐኪሞች ራሳቸው ለቆዳ ነቀርሳ ቅባት ያዙ የለምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አዎን፣ ያዛሉ። ኢሚክዊሞድ የተባለው ቅባት የሰውነትን የመከላከያ ኃይል በቀባንበት ስፍራ ቀስቅሶ ነቀርሳውን እንዲዋጋ ያደርጋል። ፍሉሮዩራሲል የተባለውም ቶሎ ቶሎ የሚባዙትን ሴሎች ይገድላል። እነዚህ እውነተኛ መድኃኒቶች ናቸው፤ አናጣጥላቸውም። ነገር ግን ኢሚክዊሞድ በ1996 ዓ.ም. በአሜሪካ ለዚህ ተግባር ሲፈቀድ የተደነገገለትን ወሰን ማየት ይገባል። ከቆዳ ገጽ ላይ ብቻ ላለው ቤዛል ሴል ነው፤ ይህም ቁራጭ ሥጋ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ የተረጋገጠ መሆን አለበት፤ ስፋቱ ከ2 ሳንቲሜትር መብለጥ የለበትም፤ በቀዶ ሕክምና ማውጣት የማይመች ሲሆንና በሽተኛው ለክትትል የሚመለስ ሲሆን ነው። ደግሞም በእጅና በእግር ጫፍ ላይ ላለው ነቀርሳ አልተፈቀደም። እኛ ግን ሜላኖማ በተለይ የሚወጣብን በውስጥ እግራችን ነው። ስለዚህ ቅባቱ የተሠራለት በሽታ ሌላ፣ እኛን የሚይዘን በሽታ ሌላ ነው። ለሜላኖማ ዋናው ሕክምና በጊዜው መቍረጥ ነው፤ በራስ ፈቃድ የተገዛ ቅባት ሊተካው አይችልም።

በተፈቀደለት ስፍራም ቢሆን የቅባቱ ውጤት ከቢላዋ ያነሰ ነው። በእንግሊዝ አገር በ12 ሆስፒታሎች 501 ሰዎችን በሁለት ወገን ከፍለው ግማሹን በቀዶ ሕክምና፣ ግማሹን በኢሚክዊሞድ አከሙ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲመረመሩ ሕክምናው የሠመረላቸው በቀዶ ሕክምናው ወገን በመቶ 97.7፣ በቅባቱ ወገን ግን በመቶ 82.5 ሆነው ተገኙ። እነዚህ ሰዎች ሁሉ በሽታቸው አስቀድሞ የተለየ፣ ሐኪም የሚከታተላቸው፣ ነቀርሳቸውም ከሁሉ የዋህ የሆነው ዐይነት ነበር። ቅባቱም እንደ ታዘዘው ለስድስት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ የተቀባ ነው፤ ቆዳው ቀልቶና ቈስሎ በሚያሳክክበት ጊዜ ብዙ ሰው «ባሰብኝ» ብሎ መተው እንደሚቃጣው የታወቀ ነው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በሌለበት ቤት፣ ያልታወቀ በሽታ ላይ፣ ያልታወቀ ቅባት ሲደረግ ውጤቱ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ከዚሁ ጋር የአንድ ወገናችንን ዜና ማንሣት ተገቢ ነው። በአዲስ አበባ ተወልዶ በ4 ዓመቱ ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ የሄደው ሔመን በቀለ በ2016 ዓ.ም. ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ የቆዳ ነቀርሳን ለማከም ባሰበው ሳሙና በአሜሪካ የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አንደኛ ወጣ። ታይም መጽሔትም በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የዓመቱ ልጅ ብሎ ሰየመው። ሐሳቡን ያሳደረበትም በሕፃንነቱ በአዲስ አበባ በፀሐይ ሥር ያለ መከላከያ ሲሠሩ ያያቸው የቀን ሠራተኞች እንደ ነበሩ ተናግሯል። በዚህ ሁላችን ደስ ብሎናል፤ ለተማሪዎቻችንም ምሳሌ አድርገን እንነግራቸዋለን። ዳሩ ግን ሳሙናው ያሰበው ኃይል ያንኑ ኢሚክዊሞድ የተባለውን መድኃኒት ወደ ቆዳ ማድረስ ነው፤ ገና በምርምር መንገድ ላይ ያለ ሐሳብ እንጂ በሰው ላይ ተፈትኖ ለሽያጭ የተፈቀደ መድኃኒት አይደለም። ስለዚህ «የዚያ ልጅ ሳሙና ይህ ነው» ብሎ በገበያ የሚያዞር ሰው ቢመጣ ገንዘባችንንም ገላችንንም አንስጠው። ልጁን ማክበር ማለት ምርምሩ እስኪፈጸም መታገሥ ነው።

የጊዜ ማለፍ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ የምንወደውን አንድ ሰው እናስታውስ። የጃማይካው ዘማሪ ቦብ ማርሊ በ1969 ዓ.ም. በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ያለው ቍስል የኳስ ጨዋታ ጕዳት መስሎት ነበር፤ ሲመረመር ግን ሜላኖማ ሆኖ ተገኘ። ጣቱ እንዲቈረጥ ሐኪሞች ቢመክሩትም አልተቀበለም፤ ጥፍሩና ከሥሩ ያለው ሥጋ ብቻ ተነሣለት። በመስከረም 1973 ዓ.ም. በኒውዮርክ ሲሮጥ ወደቀ፤ በሽታው ወደ ሌላው ሰውነቱ ተዛምቶ ነበር። በጥቅምት ወር በአቡነ ይስሐቅ እጅ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ፤ ግንቦት 3 ቀን 1973 ዓ.ም. በ36 ዓመቱ ዐረፈ፤ የቀብሩም ጸሎት በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ተፈጸመ። ይህን የምንጽፈው በሞተ ሰው ላይ ለመፍረድ አይደለም። ጥቁር ሰው፣ በእግር ጣት፣ በተራ ቍስል አምሳል የመጣ ሜላኖማ ምን እንደሚመስል ከዚህ የበለጠ የታወቀ ማስረጃ ስለሌለ ነው።

እንግዲህ በየቤታችን ምን እናድርግ? በመጀመሪያ እንይ። በላሊበላ ለገና በዓል ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣውን ምእመን እግር ማጠብ የቆየ የአገሩ ደግነት ነው። በጸሎተ ሐሙስም የጌታችንን ትሕትና በማሰብ እግር እንታጠባለን። እግር በሚታጠብበት በዚያ ሰዓት የውስጥ እግሩን ገልበጥ አድርጎ ማየት የሚከብድ ነገር አይደለም። ሚስት የባሏን፣ ልጅ የአያቱን ውስጥ እግር፣ በጣቶቹም መካከል ይመልከት። ሰው የራሱን ውስጥ እግር ብዙ ጊዜ አያይምና።

የሚታየውም ይህ ነው። በውስጥ እግር ወይም በመዳፍ ላይ ያለ ጥቁር ነጥብ እየሰፋ፣ ዳሩ እየተዛነፈ፣ ቀለሙም ከአንድ በላይ እየሆነ ከሄደ፤ ከጥፍር ሥር ያለ ጥቁር መስመር እየወፈረ ወደ ጥፍሩ ዙሪያ ቆዳ ከተላለፈ፤ በልጅነት የነበረው «ማርያም የሳመችው» የምንለው ነጥብ ከተለወጠ ወይም ከደማ፤ ያረጀ ጠባሳ ተከፍቶ ዳሩ ካበጠ፣ ከሸተተ ወይም ከደማ፤ ማንኛውም ቍስል በአንድ ወር ውስጥ ካልሻረ፤ ቀለም በጎደላቸው ልጆች ፊት ላይ እንደ አሸዋ የሚሻክር ነጥብ ከወጣ፤ ያን ጊዜ ምንም ሳይቀቡ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። አስቀድሞ የተቀባ ነገር ካለም ቱቦውን ወይም ቅጠሉን ይዞ ማሳየት እንጂ ማፈር አይገባም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና።

መንገዱም የታወቀ ነው። ከቀበሌው ጤና ጣቢያ ወደ ላሊበላ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ወልድያና ወደ ደሴ ይላካል። በደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ በሽታን በማከም ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በአዲስ አበባም አለርት ሆስፒታል ለቆዳ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለነቀርሳ ሕክምና አሉ። በሽተኛው የሚጠይቀው አንድ ነገር ይኑር፤ ይኸውም «ቁራጭ ተወስዶ ይመርመርልኝ» የሚለው ነው። ያለዚህ ምርመራ የትኛው ነቀርሳ እንደ ሆነ፣ ምን ያህልም እንደ ጠለቀ ማንም በዐይኑ ብቻ በርግጥ ሊናገር አይችልም።

እዚህ ላይ የሚያስፈራ አንድ አባባል አለ፤ «ነቀርሳ ብረት ከነካው ይባባሳል» ይባላል። አባባሉ ከየት እንደ መጣ ማስተዋል ይቻላል። ሰዎች ቅባቱን ሁሉ ጨርሰው፣ ነቀርሳው ከተዛመተ በኋላ ወደ ቢላዋው ይደርሳሉ፤ ተቈርጦላቸውም ይሞታሉ። የሚያየውም ሰው «የገደለው ብረቱ ነው» ይላል። የገደለው ግን ከብረቱ በፊት ያለፈው ጊዜ ነው። በጊዜው የተቈረጠ ነቀርሳ ከነሥሩ ይወጣል፤ ባለቤቱም ወደ እርሻው ይመለሳል።

ቀለም የጎደላቸውን ልጆች በሚመለከት ደግሞ መከላከል ከሕክምና ሁሉ ይቀድማል። ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌ፣ በጥምቀትና በንግሥ በዓላት ጊዜም ጃንጥላ ያስፈልጋቸዋል። ከፀሐይ የሚከላከል ቅባት ከተገኘ ጠዋት ጠዋት ይቀቡ፤ ይህ ቅባት ሽፋን ሳይሆን ጋሻ ነውና በዚህ ጽሑፍ ከምንነቅፈው ወገን አይደለም። በእረኝነት ቀኑን ሙሉ በሜዳ መዋል የለባቸውም። በትምህርት ቤትም መምህራን በመስኮት ፀሐይ ፊት ሳይሆን በጥላ፣ ዐይናቸውም ስለሚደክም በሰሌዳው አጠገብ እናስቀምጣቸው። ከሁሉ በላይ ግን እንግዳ ዐይን እንዳያያቸው በማለት በጓዳ መሸሸግ አይገባም። የተሸሸገ ልጅ ቍስሉም አብሮ ይሸሸጋል።

በመጨረሻ ስለ ጸበልና ስለ እምነት እንናገር። አንዳንድ ምእመናን ወደ ሐኪም መሄድ እምነትን ማጕደል ይመስላቸዋል። ንጉሡ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ ወደ እግዚአብሔር ጸለየ፤ ዕድሜም ተጨመረለት። ያው ነቢዩ ኢሳይያስ ግን በእባጩ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ አዘዘ፤ ጸሎቱ መድኃኒቱን አላስቀረም። ልብ ብለን ካየነው ደግሞ ጥፍጥፉ የተደረገው የሚያውቀው ካዘዘ በኋላ ነው። መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን እንድናውቅ ያስተምረናል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ለምእመናን በተናገሩ ጊዜ ያስተማሩት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ጸበሉን እንጠመቅ፤ በጸበሉም ምክንያት የሐኪሙን ቀን አናሳልፍ። ጸበል ከሐኪም የምንሸሸግበት ዋሻ አይደለም።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ይህን ቃል ቍስል ላይ ቅጠል ለመለጠፍ እንደ ተሰጠ ፈቃድ የሚቈጥሩት አሉ። አበው ያሉት ግን ቀድሞ ስለ መድረስ ነው። እሳቱ ትንሽ ሳለ የምትበቃ አንዲት ቅጠል፣ ቤቱ ከተያያዘ በኋላ ምንም አትረዳም። የቆዳ ነቀርሳም ትንሽ ሳለ ትንሽ ምላጭ ይበቃዋል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ ዛሬ ማታ እግሩን ሲታጠብ፣ የወላጆቹንም እግር ሲያጥብ፣ አንድ ጊዜ ገልበጥ አድርጎ ይመልከት። ምንም ካላየ እግዚአብሔርን ያመስግን። የሚያጠራጥር ነገር ካየ ደግሞ ቅባት ፍለጋ ወደ ገበያ አይውጣ፤ ወደ ሐኪም ይሂድ።

አምላከ ቅዱስ ላሊበላ ነፍስንና ሥጋን ይጠብቅልን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።